በጾም ጉርሻ የለም

ልጅ ሆኜ በጾም መጎራረስ ክልክል ይመስለኝ ነበር። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ጉርሻም የለም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ በሁዳዴ ከምሳ ዕቃዋ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ "ጾም አይደለም እንዴ! ኃጢአት ነው!" ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ፍንክች አላልኩም፤ ማስረጃ አለኛ። ማስረጃዬ እናቴ ነበረች። በፍስክ ጊዜ አባቴ ሲያጎርሳት አፏን ከፍታ ትቀበለዋለች፣ መልሳም ታጎርሰዋለች። ጾም ሲገባ ግን እጁን ሲዘረጋላት ፈገግ ብላ "ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትለዋለች። ገና ሁለቴ ሳትጎርስ ጠግቤያለሁ! አባቴም ጉርሻውን ይመልስና ራሱ ይበላዋል። ጭቅጭቅ የለ፣ ኩርፊያ የለ። እንግዲህ ሕግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከፍ ስል ሕግ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሰው የገዛ ቤቱን ነገር መች ይጠይቃል።

አሁን አርባን ተሻግሬያለሁ፤ እንጀራዬም ወጥ ቤት ነው። መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ለፈረንጁም፣ ለህንዱም፣ ለመጣው ሁሉ አበስላለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዷ እንግዳ "ቪገን ነኝ" ስትለኝ በሽታ መስሎኝ "እግዜር ይማርሽ" አልኳት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማትበላ ስታስረዳኝ ሳቄ መጣ። በቃ፣ ጾመኛ ነኝ አትይኝም ታዲያ! ልዩነቱ እነሱ ፋሲካ የሌላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ከእንግዶቹ ብዙ ተማርኩ። ሦስት ወር የተቀመጠች አንዲት ህንዳዊት ቀይ ምስር ክክ በእርድ፣ በዝንጅብልና በኮኮናት ወተት አሠራር አሳየችኝ። አንድ የሊባኖስ ሰውዬ ድፍን ምስርና ሩዝ አንድ ላይ ቀቅሎ፣ ላዩ ላይ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት ይበትንበታል። የጋናዋ ሴትዮ ደግሞ የተፈጨ ለውዝ ከቲማቲምና ከስኳር ድንች ጋር ታንተከትካለች። ሁሉም አንድ ድስትና ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈልገው፤ የእኛ ወጥ እኮ ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ካዛንቺስ የተከራየሁት ቤት ሲፈርስ ዕቃዬን በሚኒባስ ጭኜ ቂርቆስ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ለጊዜው ነው ብዬ ነበር። እናቴ ግን ታመመች፤ በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም መሃል አረፈች። በመጨረሻው ሳምንቷ ሾርባ እየጨለፍኩ ያበላኋት እኔ ነኝ። አባቴ ሳህኑን ይዞ ይገባና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማንኪያውን ለእኔ ሰጥቶኝ ይወጣል። የሴት ልጅ እጅ ይለሰልሳል ብሎ ነው ስል አሰብኩ።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከለገሃር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ እየተመላለሰ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሯል። ዛሬም ዓይኑ የተቆጣጣሪ ነው፤ ዳቦ ሲገዛ እንኳ ገልብጦ ያያል። በሥራ ዘመኑ ጾም የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እናቴ ስትወቅሰው "መንገደኛ አይጾምም" ይላት ነበር። ቤት ሲሆን እሷ የሠራችውን ይበላል፣ ባቡሩ ላይ ሲሆን ያገኘውን ይበላል። ኋላ ጡረታ ሲወጣም ረቡዕና አርብን ከያዘ ትልቅ ነገር ነው።

እናቴን ከቀበርን በኋላ ሳንባ ምች ያዘው። ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ልብሱ በላዩ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሐኪሙ ወተት፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ አዘዘለት። ሁዳዴ ሲገባ ግን አባቴ፣ ያ መንገደኛ አይጾምም ባዩ፣ "ዘንድሮ እጾማለሁ" አለኝ። የምትቀልድ ከሆነ አሁን ሳቅ አልኩት። አልሳቀም። የንስሐ አባቱን ጠርቼ አስመከርኩት፤ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ነግረውት ሄዱ።

"ሰማህ አይደል? ፈቀዱልህ እኮ" አልኩት።

"እሳቸው ፈቀዱ፣ እኔ አልፈቀድኩም" አለ።

የመጀመሪያው ሰኞ ሽሮ ሠራሁለት። በእናቴ ዱቄት፣ በእናቴ ድስት። አንዴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። "አልወርድ አለኝ ልጄ፤ የእሷ ጠረን አለበት" አለኝ። ምስሩም፣ ክኩም፣ ተልባውም እንዲያው ሆነ፤ ሁሉም የእሷ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አባቴ በምስማር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሰው ልቀብር ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የእንግዶቼ ምግብ ትዝ ያለኝ። እናቴ ያላበሰለችውን ላብስልለት እንጂ! በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ባምቢስ ሱፐርማርኬት በኩል ዞሬ የኮኮናት ወተት በቆርቆሮ፣ አኩሪ አተር ስጎ፣ የቻይና ኑድል፣ ያልተቆላ ለውዝ ገዛሁ። መጀመሪያ የሊባኖሱን ሠራሁ። አባቴ የጠቆረውን ሽንኩርት በጣቱ ነካካና "አረረብሽ እንዴ?" አለ።

"አላረረም፣ አሠራሩ ነው። የሊባኖስ ነው።"

"ሊባኖስ!" አለና ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ሳህኑን ጨረሰው፤ እኔ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ወንበሩን ወደ ገበታው እየሳበ "ዛሬ የት ደረስን?" ይለኝ ጀመር። ጋና፣ እለዋለሁ። ቻይና፣ እለዋለሁ። ሜክሲኮ ስለው "አደባባዩ?" ብሎ ይስቃል፤ ባቄላ በቲማቲምና በሚጥሚጣ፣ ላዩ ላይ አቮካዶ፣ በስስ ቂጣ። ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ያደረግሁ ቀን "ይሄማ የሰፈራችን ነው፣ መቼ ወጣንና" ብሎ አሾፈብኝ። አንድ ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ምግቡ ከየትም አገር ይምጣ፣ እንጀራ ላይ ይውጣ ባይ ነው። ሩዙም እንጀራ ላይ፣ ኑድሉም እንጀራ ላይ። ቻይናዎቹ ቢያዩት ምን እንደሚሉ እንጃ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። አባቴ በላ እንጂ አልወፈረም፤ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቁሞት ራሱን ነቀነቀ። "ወተት አዝዤ አልነበር?" አለ እኔን እያየ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ እንደ ልጅ አንገት ቀጥኖ አየሁት። ከታክሲው ወርደን እሱን ቤት አስገብቼ፣ ወጣሁና የዱቄት ወተት ገዛሁ።

የህንዱ ምስር ይመቻል። የኮኮናቱ ወተት ራሱ ነጭ ነው፣ ራሱ ጣፋጭ ነው፤ ሦስት ማንኪያ የዱቄት ወተት ቢገባበት ማን ያውቃል? ቆርቆሮውን ከፍቼ ሳሳየው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎኝ ነበር። "የዛፍ ወተት ነው አባዬ፣ የጾም ነው" አልኩት፤ እስከዚያ ድረስ እውነት ነው። ማንኪያውን የጨመርኩት ጀርባውን ሲሰጠኝ ነው። ሁለቴ አስጨምሮ በላ። "ይሄኛው ጣቢያ ላይ ትንሽ እንቆይ" አለ።

ቆየን። በለውዙም ላይ፣ በድንች ሾርባውም ላይ ጨመርኩ። ሁለት ሳምንት። ፊቱ ደም መሰለ፣ ቀበቶው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመለሰ፣ እኔም ማታ ስጸልይ ስለ ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ አወራና ስለዚህኛው ዝም እላለሁ። ለራሴ የምለው ነገር ነበረኝ። ፈጣሪ የተራበ ሽማግሌ አይጨክንበትም፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ እሱ መች አወቀ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የራሴ ንስሐ አባት ሆንኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ግን ማለቴ፣ አንድ ሳህን ውስጥ ያለ ነገር የት ይሄዳል ብዬ ነው።

የት እንደሚሄድማ ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ ግቢ ሳህን ቤቱ አይውልም። ከፊት ለፊታችን አንዲት እማማ አሉ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። እናቴ በሕይወት ሳለች የጣመ ነገር ሠርታ ለእሳቸው ሳትልክ አትቀመጥም ነበር። እሳቸው ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈትተው አያውቁም፤ ታመው እንኳ ማር የተባለ ነገር አይነኩም። አንድ አመሻሽ የህንዱን ምስር አውጥቼ እጄን ልታጠብ ወጥቼ ስመለስ አባቴም የለም፣ አንድ ሳህንም የለም።

በበሩ ሳይ ግቢውን ተሻግሮ የእማማን ደጃፍ እየረገጠ ነው። "እማማ፣ ህንድን ላሳይዎት መጣሁ!" ሲል ይሰማኛል።

በአንድ እግሬ ጫማ ሮጥኩ። ስደርስ እማማ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አማትበው፣ ጉርሻውን ጠቅልለው ወደ አፋቸው እያነሡ ነበር።

"እማማ አይብሉት! ወተት አለበት!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አባቴ ግን ሳቀ። "አይ እማማ፣ አይፍሩ" አለ። "የዛፍ ወተት ነው፣ የኮኮናት። ልጄ ነግራኛለች፣ ቆርቆሮውንም አይቻለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አስደነገጥሻቸው እኮ" አለኝ።

ሲሟገትልኝ ሳይ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የላም ነው አባዬ" አልኩት። "የዱቄት ወተት ጨምሬበታለሁ።"

እማማ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መልሰው ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ስንት ቀን?" አለ አባቴ።

"ሁለት ሳምንት።"

ሳህኑን ከእማማ ጉልበት ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ግቢውን ተሻግሮ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

በማግስቱ ማታ ኑድል በዝንጅብል ሠርቼ አቀረብኩ። አባቴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ "እርስዎ ይብሉ፣ እኔ በልቻለሁ" አለኝ። እርስዎ! በአርባ ሁለት ዓመቴ ከአባቴ አፍ እርስዎ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ዳቦ በሻይ ነበር የበላው፤ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ አፍልቶ። በሁለተኛውም ቀን ዳቦ በሻይ። በሦስተኛው ቀን ቆሎ። ጥርሱ እንኳ ሲፈጭ ይሰማኛል፤ ያ የተመለሰው ቀበቶ እንደገና ሲላላ አያለሁ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። በሦስተኛው ቀን ፈነዳሁ። "እና ምን ማድረግ ነበረብኝ? እጄን አጣምሬ ስትሞት ልይህ? ሐኪሙ ያዘዘውን ነው የሰጠሁህ! ቄሱም ፈቅደዋል! እናቴን ቀበርኩ፣ አንተንም ልቅበር?"

"ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ" አለ። "ጾሙም የእኔ ነበር፤ ወሰዱብኝ እርስዎ።"

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ንዴቱ አለቀና እንባው ቀጠለ። እማማ ድምፄን ሰምተው በምርኩዛቸው መጡና ደፍ ላይ ቆሙ።

"አናገርሽው?"

"ሁሉን ነገርኩት እማማ። ሐኪሙ ያለውን፣ ቄሱ ያሉትን፣ ሚዛኑን…"

"ምክንያት ነው የነገርሽው" አሉኝ። "ይቅርታውን ጠየቅሽው?"

አልጠየቅኩትም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቃ ሆኜ ነው የከረምኩት።

በነጋታው ከሥራ እንደተመለስኩ አባቴ የተቀመጠበት ሄጄ ጉልበቱን ሳምኩ። "አባዬ፣ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ" አልኩት። ከዚያ ምላሴን ነከስኩ። ስለ ሐኪሙ አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይበላሽ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። አባቴ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ብዙ ቆየ እጁ።

ከዚያ ተነሥቶ ዱካ ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ቡታጋዙ አጠገብ ተቀመጠና መነጽሩን አጠለቀ።

"የህንዱን ሥሪ" አለኝ። "እስካሁን የበላሁት ያንቺን ነው፤ የህንዱን ራሱን ገና አልቀመስኩትም።"

አንቺ ተባልኩ። እልል ማለት ቃጣኝ፣ ተውኩት።

እንደ ትኬት አንድ በአንድ ተቆጣጠረኝ። ምስሩን በእፍኙ ዘግኖ አየው፣ የእርዱን ዱቄት አሸተተ፣ የዘይቱን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አነሣ። የኮኮናቱን ቆርቆሮ ስሰጠው ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ባቡሩ ላይ በለመደው ፈረንሳይኛ ከዳር እስከ ዳር አነበበና "አለፈ" ብሎ መለሰልኝ። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ መንጫጫት ሲጀምር ነው ማውራት የጀመረው።

"አንቺ የተወለድሽ ጊዜ ሁዳዴ ነበር" አለኝ። "እናትሽ አራስ ሆና ልጹም አለች። ማን ይመልሳት። ደም ፈሷታል፣ ገርጥታለች፣ አንቺ ደግሞ ጡቷን ትመጫለሽ። ትሞትብኛለች አልኩ። ከጅቡቲ የቆርቆሮ ወተት አምጥቼ አጥሚቷ ውስጥ እየጨመርኩ በእጄ አጠጣኋት። 'ዛሬስ ጣፈጠልህ' ትለኝ ነበር። ኋላ ባዶውን ቆርቆሮ አልጋው ሥር አገኘችው።"

ማማሰያው እጄ ላይ ቆመ።

"ምን አለችህ?"

"ምንም። እኔ ነኝ ያወራሁት። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ፣ ልጅቷ እንዲህ ሆና፣ ብትሞቺብኝስ… ምክንያት ደረደርኩላት። ይቅር በይኝ ግን አላልኳትም። ምን አጠፋሁ? አድኛታለሁ እኮ። እሷም አልተጣላችኝም፣ ፍቅሯም አልጎደለብኝም። ጾም ሲገባ ግን ከእጄ አትጎርስም። አንዴ ብጠይቃት 'ልቤ አልተቀየመህም፣ አፌን ምን ላድርገው' አለችኝ።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። "በመጨረሻም እኮ ያን ሾርባ… እጄ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝና ማንኪያውን ላንቺ ሰጠሁሽ። ትመልሰው ይሆን፣ ትጠጣው ይሆን፣ ሳልሞክረው ቀረ። የዘንድሮውን ሁዳዴ የያዝኩት ለእሷ ነበር። እኔ ይቅር በይኝ ማለቴ ነበር፣ በሌላ አላውቅበትምና።"

እግዚኦ! እኔ እዚያ ጾም ላይ ነው ወተት የጨመርኩት። ጨው ጨመርኩ፣ እሳቱን ቀነስኩ።

ምስሩ ሲበስል እንጀራ ላይ አወጣሁት። ተቀመጥን፣ ባረከ። እጄ በልማዱ አንድ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ እሱ ተነሣ፤ መሃል ላይ ስደርስ የሆነው ሁሉ ትዝ አለኝና ቆምኩ። በዚህ ቤት በጾም ጉርሻ የለም። እጄን ልመልስ ስል አባቴ ጉርሻውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ አንጓዬንም ያዘኝ።

"እናትሽ አርባ ዓመት አስጠበቀችኝ" አለ። "እኔ አንቺን የማስጠብቅበት አርባ ዓመት ከየት አባቴ አመጣለሁ? አምጪው።"

አፉን ከፈተ።